አፎቱን ሳይሆን ፍላጻውን ጠይቁ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። የባለቤቴ አባት ባረፉ በሦስተኛው ዓመት ዕቃቸውን ስናስተካክል በአንድ አሮጌ ሣጥን ውስጥ የፍላጻ አፎት አገኘን። እሳቸው በወጣትነታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ፣ የመንገድ ቀያሽ ሆነው በኬንያና በጋና እንደ ሠሩ እናውቃለን። ስለዚህ ዕቃ ግን ለማንም የነገሩት የለም። አፎቱ ከደረቅ ቆዳ ተጠቅልሎ የተሰፋ ክብ ቱቦ ነው፤ ርዝመቱ 66 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 7 ነው። ክዳኑም ቆዳ ሲሆን በማንገቻው ጠፍር ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። በውስጡ ዘጠኝ ፍላጾች አሉ። ስድስቱ ላባ አላቸው፣ ሦስቱ የላቸውም። ከስድስቱ የሁለቱ አንገት በስስ የቆዳ ጥብጣብ ተጠቅልሏል። ለጥገና የተደረገ መስሎኝ አንዱን መፍታት ጀምሬ ነበር፤ ከሥሩ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር ሳይ ተውኩት። በአፎቱ ግርጌ «114» የሚል ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። የየትኛው ሕዝብ ዕቃ ነው? ስንት ዓመት ይሆነዋል? ዋጋውስ? ቆዳው ደርቆ ስለ ተሰነጣጠቀ ቫዝሊን ልቀባው አስቤአለሁ፤ ምን ይመክሩኛል? ፎቶግራፎቹን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ።

የሣጥኑ ወራሽ

መልስ፦ ውድ የሣጥኑ ወራሽ፤ ከሕዝቡም ከዘመኑም በፊት ስለ እጅዎ ልናገር። ጥብጣቡን መፍታትዎን ጀምረው በመተውዎ እግዚአብሔር ይመስገን። ያ ጥብጣብ ጥገና አይደለም፤ የመርዝ መሸፈኛ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች መርዙን የሚቀቡት ከስለቱ ኋላ ባለው አንገት ላይ ነው። ከተቀባ በኋላ ፀሐይና ነፋስ እንዳያደርቁት፣ ባለቤቱም ሳያስበው እንዳይወጋበት በስስ ቆዳ ይጠቀልሉታል። የሚፈታው አውሬው ታይቶ ፍላጻው ሊተኮስ ሲል ብቻ ነው። እርስዎ እጅ የገባው እንግዲህ አንድ አዳኝ አዘጋጅቶት ሳይተኩሰው የቀረ ፍላጻ ነው።

ሬንጅ የመሰለዎት ነገር በአማርኛ መረንዝ ከምንለው ዛፍ የተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። የዛፉ ሥርና ግንድ ተፈልጦ ለብዙ ሰዓታት ይቀቀላል፤ እንጨቱ ወጥቶ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጥቁርና የሚያጣብቅ ነገር ይቀራል። ገዳዩ ንጥረ ነገር ዋባይን ይባላል። ስሙ የመጣው ሶማሌዎች የፍላጻ መርዝን «ዋባዮ» ከሚሉበት ቃል ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1888 ነበር። በቁስል በኩል ደም ውስጥ ሲገባ የልብን ምት አዛብቶ ያቆማል። በዚሁ ዛፍ የሚጠቀመው ሰው ብቻ አይደለም፤ በምሥራቅ አፍሪካ የሚኖር አንድ ባለ ጋማ አይጥ ልጣጩን አኝኮ በጎኑ ጸጉር ላይ እንደሚቀባው፣ አይጡን የነከሰ ውሻም እንደሚታመም ወይም እንደሚሞት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ጽፈዋል። ይህን ባነበብኩ ቀን የሙዚየማችን ግምጃ ቤት ገብቼ ጥብጣብ ያላቸውን ፍላጾች ሁሉ እንደገና ቆጠርኳቸው።

ይህ መርዝ ደርቆ ከተቀመጠ ዕድሜ በቀላሉ አያከሽፈውም። ስለዚህ አሮጌ ፍላጻ ነው ብለው አይዘናጉ። የፈቱትን ጥብጣብ መልሰው ለመጠቅለል አይሞክሩ፤ እንዳለ ይተዉት። የጎማ ጓንት አድርገው የእያንዳንዱን ፍላጻ ጫፍ በወፍራም ካርቶን ቱቦ ውስጥ ያስገቡ፤ ቱቦውን ከዘንጉ ጋር በጥጥ ገመድ ያያይዙት። ሣጥኑ ላይ «መርዝ አለበት» ብለው በትልቁ ይጻፉ። ልጆች ከማይደርሱበት ያኑሩት፤ እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። ማንም ሰው ቢወጋ ወይም ቢቧጨር ደሙን ልምጠጥ፣ ልቁረጠው ሳይባል ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድና ለሐኪሙ «ልብን የሚመታ የፍላጻ መርዝ ነው» ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

መርዝነቱን ለማወቅ በምላሱ የሚነካ ሰው እንዳለ ስለማውቅ አንድ ታሪክ ልጨምር። ከአሳሹ ሊቪንግስተን ጋር ወደ ዛምቤዚ ወንዝ የተጓዘው ሐኪም ጆን ከርክ የፍላጻ መርዝ ናሙና ከጥርስ ብሩሹ ጋር በአንድ ኪስ ይዞ ነበር። ጥርሱን ሲቦርሽ አፉን መረረው፤ የልቡ ምትም ቀነሰ። እሱ ተረፈ፤ መርዙ ስትሮፋንተስ ከሚባል ሐረግ የተሠራ ነበር፤ ከዚያ ሐረግ የተገኘውም ንጥረ ነገር በኋላ የልብ መድኃኒት ሆነ። እርስዎ ግን አይሞክሩት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። የላኩልኝ ሰባት ፎቶግራፍ ነው፤ አምስቱ የአፎቱ ናቸው፣ ስድስተኛው የብረቶቹ፣ ሰባተኛው ብቻ ሙሉ ፍላጾችን ያሳያል። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ሙዚየም የዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ የቆዳ አፎት ከአሥራ ሁለት ፍላጾች ጋር መዘገብኩ፤ የአፎቱን ስፌት አይቼ «ካምባ፣ ኬንያ» ብዬ በካርዱ ላይ ጻፍኩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አንድ የካምባ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ሊጎበኙ መጡ። በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። አፎቱን ስሰጣቸው አላገላበጡትም፤ ወዲያው ፍላጾቹን አንድ በአንድ አወጡ። ብረታቸውን አላዩም። እያንዳንዱን ፍላጻ ገልብጠው ጭራውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ የቀስቱ ጅማት የሚገባበትን ስንጥቅ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ አኖሩት። ሲጨርሱ ሰባቱ በቀኝ፣ አምስቱ በግራ ሆኑ። የግራዎቹን እያሳዩኝ አንድ ነገር ተናገሩ፤ የልጅ ልጃቸው ሲተረጉምልኝ «እነዚህ እንግዶች ናቸው፤ የሠራቸው ሰው ጅማት የሚስበው እንደ እኛ አይደለም» አለኝ። እውነታቸውን ነበር። አምስቱ ከአፍሪካ ምዕራባዊ ጫፍ የመጡ፣ አንድ ሻጭ አፎቱን ሞልቶ ለማሳመር የከተታቸው ፍላጾች ነበሩ። ካርዱን በዚያው ቀን ለወጥኩት፤ ከዚያም ወዲህ ማንም አፎት ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የፍላጻውን ጭራ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብረቱን የሚሠራው ቀጥቃጭ ነው፤ ቀጥቃጭ ለጎረቤት ሕዝብም ይሸጣል፤ ስለዚህ ብረት አገር ያቋርጣል። አፎትም ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ ይማረካል። ጭራውን ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ተኳሹ ራሱ ነው፤ በልጅነቱ አባቱ ወይም አጎቱ እንዳሳዩት ይሠራዋል፤ እጁ ከለመደው አይወጣም። ጅማቱን በሁለት ጣት ቆንጥጦ የሚስብ ሰው የፍላጻውን ጭራ ለመያዝ እንዲመች ወፈር አድርጎ ይተወዋል፤ ጅማቱን በጣቶቹ ጠልፎ የሚስብ ደግሞ ስንጥቁን ጠለቅ ያደርገዋል። ላባው ስንት ረድፍ እንደሆነ፣ በምን እንደ ታሰረ፣ ከስንጥቁ ምን ያህል እንደ ራቀ፣ ይህ ሁሉ የአንድ አካባቢ ልማድ ነው። በኮንጎ ጫካ በላባ ፈንታ ቅጠል የሚሰካባቸው ፍላጾች አሉ። የኒው ጊኒ ፍላጻ በአብዛኛው ላባም ስንጥቅም የለውም፤ አፎትም የለውም፤ አዳኙ በእጁ ጨብጦት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው «የኒው ጊኒ አፎት» ብሎ ሊሸጥልዎ ቢመጣ ገና ከጅምሩ ይጠራጠሩ።

ወደ እርስዎ ስድስት ፍላጾች ስንመጣ፣ ዘንጋቸው ጠንካራ እንጨት ነው፤ በጭራቸው ሦስት ረድፍ ላባ በጅማት ታስሯል፤ መርዝ የተጠቀለለባቸው ሁለቱ ከዋናው ዘንግ ጫፍ ውስጥ የተሰካ ቀጭን ሌላ እንጨት አላቸው። ይህ ቀጭን እንጨት ሆነ ተብሎ የላላ ነው። አውሬው ሲመታ ዘንጉ ይወድቃል፣ መርዙ ያለበት ጫፍ ግን ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ አዳኙም ዘንጉን አንሥቶ እንደገና ይጠቀምበታል። ላባው፣ የላላው ጫፍ፣ የቆዳ ጥብጣቡ፣ በማንገቻው ላይ የሚንሸራተተው ክዳን፣ አራቱ አንድ ላይ ሲገኙ ወደ ኬንያ ይወስዱኛል፤ ከኬንያም ወደ ካምባና ወደ ምሥራቃዊ ጎረቤቶቹ፣ እስከ ባሕር ዳርቻዎቹ ጊሪያማዎችና የዝሆን አዳኝ እስከ ነበሩት ዋታዎች። በእነዚህ መካከል መርዝም ብረትም ፍላጻም ሲሸጥ ሲለወጥ ኖሯል፤ ጊሪያማዎች በመርዝ ቅመማቸው የታወቁ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱን ለይቼ እንድነግርዎ የፍላጾቹን አንገትና ዘንግ በቅርብ አንሥተው ይላኩልኝ። በዚያ አካባቢ ባለቤቶች ፍላጻቸውን በጭረት ወይም በተቃጠለ ምልክት ይለዩ ነበር፤ የወደቀው አውሬ የማን እንደሆነ ክርክር ሲነሣ የሚፈርደው ይህ ምልክት ነበር። ስድስቱም አንድ ዓይነት ምልክት ካላቸው የአንድ ሰው ንብረት ነበሩ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ግኝት ይሆናል።

ሦስቱ ላባ አልባዎች ሌላ ታሪክ አላቸው። ዘንጋቸው ሸምበቆ ነው። ብረታቸው እንደ መርፌ በቀጠነ ጭራ ሸምበቆው ውስጥ ገብቶ በጅማት ታስሯል፤ አንገቱ ላይ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። ይህ የምዕራብ አፍሪካ ሣር ምድር አሠራር ነው፤ በሰሜን ጋና፣ በቡርኪና ፋሶና በአካባቢው ካሉት እንደ ሎቢና ዳጋራ ካሉ ሕዝቦች ዘንድ የሚገኝ ዓይነት። እርስዎ ራስዎ በደብዳቤዎ የጻፉት ልኬት ባይኖር እንኳ ይህን እል ነበር፤ ልኬቱ ግን ነገሩን ይዘጋዋል። ከፎቶግራፉ ላይ በማስመሪያው እንዳነበብኩት ስድስቱ 61 እና 62 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ሦስቱ 78። አፎትዎ 66 ነው። ሦስቱን ከተው ክዳኑን ይዝጉት፤ አይዘጋም። ማንም አዳኝ ክዳን የማይዘጋለትን አፎት ለራሱ አይሠራም። ስለዚህ አማችዎ ስድስቱን ከነአፎቱ ከኬንያ፣ ሦስቱን ከጋና አምጥተው በአንድ ሣጥን ውስጥ አኑረዋል፤ ከሥራ ታሪካቸውም ጋር ይስማማል። ሦስቱን አይጣሉ፤ ለይተው ብቻ ያስቀምጡ። እነዚህም ጫፋቸው ላይ ጥቁር ነገር ስላለ ከላይ ያልኩት ጥንቃቄ ሁሉ ይመለከታቸዋል። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ለፍላጻ የሚውለው በአብዛኛው ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የስትሮፋንተስ ዘር ነው፤ እሱም ልብን ነው የሚመታው።

ዘመኑን በተመለከተ አማችዎ ወደ አገራቸው ከተመለሱበት ዓመት ወዲህ እንዳልተሠራ እርግጥ ነው። ወደ ኋላ ምን ያህል እንደሚርቅ ግን እርስዎ ቤትዎ ሆነው ሊያዩልኝ ይችላሉ። በክዳኑ ጠርዝ ላይ በአንድ ቦታ ነጭ ክር አያለሁ፤ የቀረው ስፌት የቆዳ ጠፍር ነው። የገንዘብ ኖት የሚመረመርበትን ሐምራዊ መብራት በጨለማ ክፍል ውስጥ ያብሩበት። ክሩ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፉት ማንጫ ኬሚካሎች ያሉበት የፋብሪካ ክር ነው። ያ ማለት አፎቱ በሙሉ አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ አንድ ሰው ጠግኖታል ማለት ብቻ ነው። ቀጥሎ ፍላጾቹን በጥንቃቄ አውጥተው የአፎቱን ውስጥ በባትሪ ይመልከቱ። ፍላጻ የሚቀመጠው ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ነው፤ ባለቤቱ በተራመደ ቁጥር ብረቶቹ የግርጌውን ቆዳ ይወጉታል። ግርጌው በጥቃቅን ቀዳዳዎችና ጭረቶች የተሞላ ከሆነ ያ አፎት አደን ውሏል። ለጎብኚ ሽያጭ የተሠራ አፎት ግርጌው እንደ አዲስ ከበሮ ለስላሳ ነው፤ ፍላጾቹም ስለት የሌላቸው ቀጫጭን ቆርቆሮዎች ናቸው፤ የማንገቻውም ውስጠኛ ገጽ ላብና ትከሻ አላለሰለሱትም። የእርስዎ ማንገቻ በፎቶግራፉ ላይ በአንድ በኩል ብቻ እንደ መስታወት ያበራል። ይህ ልቤን ሞቅ አድርጎታል።

ብረቶቹ ላይ የመዶሻ ምት ይታያል፤ አንደኛው ከትልቅ ምስማር የተቀጠቀጠ ይመስላል፤ የምስማሩ አራት ማዕዘን አካል አንገቱ ላይ አልጠፋም። ቀጥቃጮች የፋብሪካ ምስማርና ሽቦ እየገዙ ወይም እየለቀሙ መጠቀማቸው የተለመደ ነበር፤ ስለዚህ ምስማር ማየት ሐሰተኛነትን አያመለክትም። እኔ ባለኝ ማስረጃ አፎቱንና ስድስቱን ፍላጾች በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወይም ከዚያ ጥቂት ቀደም ባለው ጊዜ አስቀምጣቸዋለሁ።

«114» ለሚለው ቁጥር ከሁሉ የበለጠ ትኩረት እንዲሰጡት እለምንዎታለሁ። ቁጥር ካለ ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ የአማችዎ ማስታወሻ ደብተር ሊሆን ይችላል፤ የጨረታ ቤት ሊሆን ይችላል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን የምለው በምክንያት ነው። በኬንያ የጻቮ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም ዋታዎችና ካምባዎች ከጥንት ጀምሮ ያድኑበት የነበረው ምድር ተከለለ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ በተካሄደው ዘመቻ ብዙ አዳኞች ታሰሩ፤ ቀስታቸውና አፎታቸውም ተወሰደ። እንዲህ ከተወረሱት ዕቃዎች ማስታወሻ ሆነው ወደ ውጭ አገር ሰዎች እጅ የገቡ አሉ። የእርስዎ እንዲህ የመጣ ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ያ ወረቀት የአንድ ሰው አፎት ከትከሻው እንዴት እንደ ወረደ የሚናገር ብቸኛው ምስክር ሊሆን ስለሚችል አይላጡት፣ አያርጥቡት፣ ማጣበቂያ ቴፕ አይለጥፉበት። ፎቶግራፍ ያንሡት፤ ከዚያ የአማችዎን ደብተሮች፣ ደብዳቤዎችና የፎቶግራፍ ጀርባዎች ሁሉ ይመልከቱ። ባለቤትዎንና እኅት ወንድሞቻቸውንም ዛሬ ይጠይቋቸው፤ የሚያስታውሱትን ሁሉ፣ ተራ የሚመስለውንም ጭምር ጽፈው ከዕቃው ጋር ያኑሩ።

ቫዝሊኑን ይተዉት። ቅባት ለጥቂት ሳምንታት ቆዳውን ያለሰልሳል፤ ከዚያ አቧራ ይይዛል፣ ይጠቁራል፣ ስፌቱን ያበሰብሳል፤ የላቡንና የጭሱን አሻራም ያጠፋል። የተሰነጠቀውን ለማቃናት አያጥፉት። በንጹሕ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ ያራግፉ፣ አሲድ በሌለበት ወረቀት ይጠቅልሉት፣ ፀሐይም እርጥበትም በማያገኘው ቦታ በአግድም ያስቀምጡት። ላባዎቹ ሥር እንደ አሸዋ ያለ ደቃቅ ብናኝ ካዩ ነፍሳት ገብተዋል ማለት ነው፤ ዕቃውን በፕላስቲክ አሽገው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ማቆየት ይገድላቸዋል። ይህ ማቀዝቀዣ ምግብ የማይቀመጥበት መሆን አለበት።

ስለ ዋጋ በዚህ አምድ አልጽፍም። ለመሸጥ ወይም ድንበር ለማሻገር ካሰቡ ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ ክዳኑ ላይ የተሰፋችው ነጠብጣብ ያላት ቁራጭ ጸጉር የነብር ልትሆን ትችላለች። ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ነብር ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መካከል ነው፤ የአሞራ ላባም ቢሆን ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል።

ጥያቄ፦ በአንድ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ ከቀርከሃ የተሠራ አጭር አፎት ገዛሁ። ውስጡ እንደ ስንደዶ የቀጠኑ ሹል እንጨቶች አሉ፤ በጎኑ አንዲት ትንሽ ቅልና ጥርሳም የዓሣ መንጋጋ ተንጠልጥለዋል። ሻጩ «የአፍሪካ ድንክ ሕዝቦች ፍላጻ ነው» ብሎኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መንጋጋው የፒራኛ ነው፤ ፒራኛ ደግሞ የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። የያዙት የቀስት አፎት ሳይሆን በአማዞን ጫካ በትንፋሽ ለሚተኮስ ረጅም ቱቦ የሚሆኑ ስንጥሮች ማስቀመጫ ነው። ቅሏ ውስጥ ካፖክ ከሚባል ዛፍ የተወሰደ ጥጥ መሰል ነገር ይቀመጣል፤ ባይታይዎትም ጥቂት ቅሪት ግድግዳዋ ላይ ሊኖር ይችላል። አዳኙ ከዚያ ቆንጥሮ የስንጥሩን ጭራ ይጠቀልላል፤ ትንፋሹ እንዳያመልጥ ቱቦውን የሚሞላው እሱ ነው። በመንጋጋው ጥርስ ደግሞ ስንጥሩን ከመርዙ በላይ ዙሪያውን ይከረክመዋል፤ ጦጣው ስንጥሩን ሊነቅል ሲሞክር ጫፉ እዚያው ተሰብሮ ይቀራል። መርዙ ኩራሬ ነው። ልብን አይመታም፤ ጡንቻን ያዝላል፣ እስትንፋስም ይቆማል። ሁለት ሐኪሞች ይህንኑ ኩራሬ እ.ኤ.አ. በ1942 በሞንትሪያል የቀዶ ሕክምና በሽተኛን ጡንቻ ለማላላት ተጠቅመውበታል። ስንጥሮቹን በባዶ እጅ አይንኩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፤ የሁለተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነኝ። መምህራችን የአንድ አፎት ፎቶግራፍ ሰጥተውን እንድንጽፍበት አዘዙን። አፎቱ የዛፍ ቅርፊት ቱቦ ነው፤ ፍላጾቹ አጫጭር፣ ቀጫጭንና ላባ የሌላቸው ናቸው፤ ጫፋቸውም ሽቦ ነው። ጓደኞቼ የልጆች መጫወቻ ነው አሉ። እኔ አልመሰለኝም፤ ግን ምክንያቴን መግለጽ አቃተኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ያልመሰለሽ ልክ ነው። ይህ የሳን ሕዝብ አፎት ነው፤ ቦታው የካላሃሪ በረሃ፣ ቦትስዋና ወይም ናሚቢያ ነው። አፎታቸውን ከግራር ሥር ቅርፊት ሳያሰነጥቁ እንደ እጅጌ ያወልቁታል። ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ቅርንጫፉ ተቦርቡሮ ለአፎት ስለሚውል ስሙ «የአፎት ዛፍ» የሆነ የሬት ዓይነትም አለ።

ፍላጻው ትንሽ የሆነው ኃይሉ መርዙ ላይ ስለሆነ ነው። አዳኙ በጣም ቀርቦ ይተኩሳል፤ የፍላጻው ሥራ ቆዳውን በስቶ መርዙን ማድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ አውሬውን ለሰዓታት፣ ለትልቁም ለቀናት ይከተለዋል። መርዙ የሚገኘው ከአንድ ጥንዚዛ ዕጭ ነው፤ ከቁጥቋጦ ሥር ቆፍረው አውጥተው ጭማቂውን ከጫፉ ኋላ ይቀቡታል። ፍላጻውም አንድ ወጥ አይደለም፤ ዘንጉ ሸምበቆ፣ ከዚያ አጭር ማገናኛ አጥንት ወይም እንጨት፣ ከዚያ ትንሽ አንገትጌ፣ በመጨረሻ ጫፉ፤ አራት ክፍል ነው። መጫወቻ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ አይደክምም። ጫፉ በፊት አጥንት ነበር፤ የከብት አጥር ወደ በረሃው ሲገባ የአጥሩን ሽቦ መቀጥቀጥ ጀመሩ። ስለዚህ ሽቦው ዘመኑን ይነግርሻል፤ አጥር ከመጣ በኋላ ነው።

አሁን ጽሑፍሽ ላይ ከሌሎቹ ተማሪዎች የሚለይሽን ነገር ልንገርሽ። ከሳን መካከል ጁንትዋሲ በተባሉት ዘንድ ሥጋውን የማከፋፈል መብት የተኳሹ አይደለም፤ የገደለው ፍላጻ ባለቤት ነው። ፍላጻም በስጦታ ይዘዋወራል፤ ማደን የማይችል ሽማግሌ ወይም አንዲት ሴት ፍላጻ ሰጥተው የሥጋው አከፋፋይ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ነው በአንድ አዳኝ አፎት ውስጥ የብዙ ሰዎች ፍላጻ የሚገኘው። ከሩቅ አገር ሕዝብ የመጣ ፍላጻ አፎት ውስጥ ሲገኝ ሰብሳቢ ወይም ሻጭ የከተተው ነው፤ እዚህ ግን መደባለቁ ራሱ ሕይወታቸው ነው።

የላክሽልኝን ፎቶግራፍ አጉልተሽ ከግራ ሦስተኛውን ፍላጻ እዪው። አንገትጌው ላይ ሁለት የተቃጠሉ ቀለበቶች አሉት፤ ሌሎቹ ግን አንድ አንድ ናቸው። የሽቦውም አቀጣቀጥ ሰፋ ያለ ነው። ያን ፍላጻ የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ ጽሑፍሽን ከእሱ ጀምሪ።